ሳይጠረግ በፊት ይገናኝ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻውን የሚያስጽፈው፣ ማስረጃውን የሚያስባዛው በእነዚሁ ቤቶች ነው። ሥራው ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ያ ኮምፒዩተር አንድ ቀን ጠዋት አልነሣ ሲል ጭንቀቱ ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ይኸውም በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ውሳኔ በፊት የተበላሸውን ኮምፒዩተር ዲስክ ከደኅናው ጋር አገናኝቶ ሰነዱን ማውጣት ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የአንድ መንፈቅ ዓመት የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት ኮምፒዩተር ተበላሸ። ጠጋኙ ማንንም ሳይጠይቅ ዲስኩን ጠረገው። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ውጤቱ ግን ጠፋ። እኛ መምህራን ከየማርክ መያዣችን እንደገና ስንገለብጥ ሰነበትን። መያዣውን የጣለ አንድ ባልደረባችን ተማሪዎቹ የታረመውን የፈተና ወረቀት ከየቤታቸው እንዲያመጡ ለመነ፤ እናቱ እሳት ያቀጣጠሉበት ልጅም አልጠፋም።

ኮምፒዩተር አልነሣ ማለቱ ሰነዱ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የጎተራው ክዳን አልከፈት ስላለ እህሉ ነቅዟል አይባልም። ብዙ ጊዜ የሚታወከው ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ዲስኩን ፈትቶ በማገናኛ ገመድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያያይዙት እንደ ፍላሽ ይከፈታል። አፕል የተባለው ኩባንያማ መፍታቱን እንኳ አስቀርቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ፓወርቡክ 100 አንሥቶ ኮምፒዩተሩ ራሱ ለሌላው እንደ ዲስክ የሚያገለግልበትን ዘዴ አበጅቷል። በኋላ በመጡት የኢንቴል ማኮች ሲነሡ የ«ቲ»ን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ይበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አፕል በራሱ ቺፕ በሠራቸው ማኮች ደግሞ ሌላ የዲስክ ማጋሪያ ተተክቷል። ሁለት የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ግን በተራ የዩኤስቢ ገመድ ማያያዝ አይበጅም፤ ሁለቱም ለማዘዝ እንጂ ለመታዘዝ አልተሠሩምና።

ዲስኩ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ሲከፈት የባለቤቱ ምሥጢር ይጋለጣል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሥራው ባለቤቱ በተገኘበት ይከናወን። ቫይረስ እንዳይዛመትም አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። በእርግጥ የተመሰጠረ ዲስክ ያለ ቁልፉ አይነበብም፤ ከውስጡ የመንቋቋት ድምፅ የሚያሰማም ከሆነ አጥፍቶ ለዐዋቂ መስጠት ይሻላል።

ጊዜ ይፈጃል የሚለው መከራከሪያ ግን ፈጽሞ አያሳምነኝም። ጠጋኙ ያተረፈው ሰዓት፣ ማመልከቻውን ዳግመኛ ለማስጻፍ ከቀበሌው በእግሩ ከሚመለሰው ገበሬ የሥራ ቀን ላይ የተወሰደ ነው። ማገናኛ ገመዱም ከአንድ መሳቢያ የሚበልጥ ቦታ አይፈልግም።