ማን ማንን ከዳ?

«በፕሮቪንስ ተመርጠው ካናዳ የሚገቡ ባለሙያዎች መኖሪያ ፈቃዱ እጃቸው ሲገባ ወደ ቶሮንቶ ይነጉዳሉ፤ ይህ ክህደት ነው» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ከመክሰሳቸው በፊት ሕጉን ቢያገላብጡ ምን ነበረበት? የ1982ቱ የመብቶች ቻርተር፣ አንቀጽ 6፣ ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ፕሮቪንስ እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅዳል። ሲያመለክት «እዚሁ እኖራለሁ» ብሎ የዋሸ ካለ፣ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም።

«አቋራጭ በር» ማለታቸውማ ያስቃል። የፕሮቪንስ ምርጫው በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ በፌዴራሉ የአመልካቾች ነጥብ ሥርዓት፣ 600 ነጥብ ማስጨመሩ እውነት ነው። ግን ፌዴራል መንግሥቱ በዚህ ምርጫ ለሚገቡ የያዘውን የ2024ቱን የ110,000 ሰው ዕቅድ ለ2025 ወደ 55,000 ሲያወርደው ወረፋው ምን እንደሆነ የጠበቀ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ያለፉት ነገር ይብሳል። ማኒቶባ አንዲትን ነርስ የሚመርጣት ነርስ ስለሆነች ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውም የዚያው ፕሮቪንስ አካል ነው፤ እሱ ግን ገና ሰነድ፣ ምዘና፣ ተጨማሪ ኮርስ ይላታል። እስከዚያው ዊኒፔግ ውስጥ በረዳትነት ሌሊቱን አረጋውያን ስታገላብጥ፣ አንሶላ ስትቀይር ታድራለች። ሌላ ፕሮቪንስ ፈቃዷን ቀድሞ ቢሰጣትና ብትሄድ፣ የቱን አደራ በላች? የሄዱትን ሲወቅሱ፣ ፈቃድ ስለሚጠብቁት አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።