እስራት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም



ወጣቶች ለትምህርት በተሰበሰቡበት ግቢ አደንዛዥ ዕፅ ገብቶ በተገኘ ጊዜ፣ የወላጅም ሆነ የመምህር የመጀመሪያ ቃል «ፖሊስ ይጠራ፤ ጥፋተኛው ይታሰር» የሚል ነው። ቃሉ ከድንጋጤና ከልጅ ፍቅር የሚወጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን «ከእስራቱ በኋላ በግቢው የሚቀሩት ብዙዎቹ ልጆች በምን ይጠበቁ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለማንሣት የተጻፈ ነው። ለምሳሌም በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርንያ፣ በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን እንመለከታለን። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንዲት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመጠን ያለፈ ኮኬይን ወስዳ ሞተች። ከዚህ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ምርመራ ጀመረ፤ ቈይቶም የፌዴራሉን መንግሥት የአደንዛዥ ዕፅ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለርዳታ ጠራ። ሰላዮች ተማሪ መስለው ከሻጮች ጋር እየተዋወቁ ዕፁን ይገዙ ጀመር። ምርመራው በስውር ሲካሄድ ሳለ፣ በ2008 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ፣ የሌላ ኮሌጅ ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት ኦክሲኮዶን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከአልኮል ጋር ወስዶ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማኅበር ቤት ውስጥ ሞተ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ባለሥልጣኖች የምርመራውን ውጤት ለሕዝብ ሲገልጹ የተያዙት ሰዎች 96 መሆናቸው ታወቀ፤ ከእነዚህም 75ቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበሩ። ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ኮኬይን፣ ወደ 23 ኪሎ የሚጠጋ ማሪዋና፣ 350 የኤክስታሲ ክኒን፣ ሽጕጦችና 60,000 ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብ ተያዘ። ስድስት የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት ከሥራ ታገዱ። ከተጠረጠሩት ሻጮች አንዱ፣ ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ላስ ቬጋስ ስለሚሄድ ገበያው እንደሚዘጋ፣ ከመሄዱም በፊት በቅናሽ እንደሚሸጥ ለደንበኞቹ በስልክ መልእክት ልኮ እንደ ነበር መርማሪዎቹ ተናገሩ። ሌላው ደግሞ የወንጀል ፍትሕ ተማሪ ሲሆን፣ በተያዘ ጊዜ መታሰሩ በመንግሥት የሕግ አስከባሪነት ሥራ እንዳያገኝ ያግደው እንደ ሆነ ፖሊሶቹን ጠየቀ ተባለ። ከእነዚህ ነገሮች የምንረዳው ዕፁ በጨለማ የሚሸጥ ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ ተራ ንግድ እስከ መምሰል መድረሱን፣ ወጣቶቹም የሚያደርጉትን ነገር ክብደት አለመገንዘባቸውን ነው።

የሕዝቡ አስተያየት ግን አንድ አልነበረም። ብዙዎች «የሞቱት ልጆች ደም ዝም አልተባለም» ብለው የዩኒቨርሲቲውን ሹማምንትና ፖሊሱን አመሰገኑ። ሌሎች ደግሞ ሰላይ በተማሪ መካከል ሲቀመጥ ተማሪው በጓደኛውም በመምህሩም ላይ እምነት ያጣል ሲሉ አዘኑ። «ሻጩንና አንድ ጊዜ ሞክሮ የተገኘውን ልጅ በአንድ ቍጥር ደምሮ ለጋዜጣ ማቅረብ ተገቢ አይደለም» ያሉም ነበሩ። አንዱ ወገን የሕግን ክብር፣ ሌላው የወጣቱን ነገ አስቦ የተናገረ ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው።

በጤና በኩል የሚታየው ነገር ግን ከሁለቱም ይለያል። በአንድ ግቢ ከ30,000 በላይ ተማሪዎች ሲኖሩ 75ቱ ቢያዙ፣ የቀሩት በዚያች ሌሊት የሚማሩት ትልቁ ትምህርት ምንድር ነው? አንዳንዶቹ ከዕፅ መራቅን ይማራሉ፤ ይህ መልካም ነው። ሌሎቹ ግን መደበቅን ይማራሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ በዚህ ነገር ላይ ምሳሌው ቃል በቃል እውነት ሆኖ ይገኛል።

ኦክሲኮዶን፣ ሞርፊን፣ ሄሮይንና ፈንታኒል የሚባሉት ዕፆች የኦፒዮይድ ወገን ናቸው። መጠናቸው በበዛ ጊዜ፣ ይልቁንም ከአልኮል ጋር ሲደባለቁ፣ ትንፋሽን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ያዳክሙታል። ታማሚው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ ያንኰራፋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቍራል፤ በመጨረሻም መተንፈስ ያቆማል። አንጎል አየር ካጣ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲያልፉ መጐዳት ይጀምራል። ኮኬይን ደግሞ የልብን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ የልብን ምት ያዛባል፤ ከአልኮል ጋር በተወሰደም ጊዜ በጉበት ውስጥ ኮካኤትሊን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰዓት ሕይወትን የሚያድነው ከጥቂት ወራት በኋላ ውጤቱን የሚገልጽ መርማሪ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ከአልጋው አጠገብ ያለው ጓደኛ ነው። ያ ጓደኛ «ሐኪም ብጠራ እኔም እታሰራለሁ፤ ከትምህርትም እባረራለሁ» ብሎ ካመነታ ደቂቃዎቹ ያልፋሉ። በሩ ተዘግቶ «ተኝቶ ይነቃል» የተባለለት ልጅ በጧት ሬሳ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ነገር በዚያው በአሜሪካ አገር ቀስ በቀስ ታውቋል። በ2007 ዓ.ም. የኒው ሜክሲኮ ክፍለ አገር፣ ዕፅ ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው ርዳታ የጠራ ሰው በእጁ ስለ ተገኘው ጥቂት ዕፅ እንዳይከሰስ ከሁሉ አስቀድሞ ሕግ አወጣ። ካሊፎርንያም ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ በሕግ አጸናች፤ ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍላተ አገር ይህን የመሰለ ሕግ አላቸው። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት የኦፒዮይድን ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ የሚሽር ሲሆን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት በ2023 ዓ.ም. ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቀደ። በኮኬይንና በአልኮል ላይ ግን አይሠራም። በ2022 ዓ.ም. የወጣው የካሊፎርንያ ሕግም የሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አባል የሆነበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በየግቢው ናሎክሶን አስመጥቶ እንዲያድል፣ ተማሪዎቹንም ስለ አደጋው እንዲያስተምር ያዛል። እንግዲህ 96 ሰዎች በተያዙበት በዚያ ግቢ፣ ዛሬ መድኃኒቱ ከሕጉ ጐን ቆሟል ማለት ነው።

«ቅጣት ከተነሣ ወጣቱ አይደፍርም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ሕጉ የማረው ርዳታ የጠራውንና የታመመውን ነው እንጂ ሻጩን አይደለም፤ የሚሸጥ ዛሬም ይከሰሳል። ደግሞም እሳት አጥፊ አለ ብሎ ቤቱን የሚያቃጥል ሰው እንደሌለ፣ ሐኪም ይጠራልኛል ብሎ መርዝ የሚወስድ የለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ የታመመ ልጅ ሲድን ይመከራል፤ ይቀጣል፤ ይታረማልም። የሞተ ልጅ ግን ምክርም ሆነ ቅጣት አይደርሰውም።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በተማሪ ማደሪያችን ብዙ ጊዜ የሚታየው ለፈተና እንቅልፍን ለማባረር የሚቃም ጫት፣ የጫቱንም ኃይል ለማብረድ ሲሉ በተለምዶ «ጨብሲ» ብለው የሚጠጡት አልኮል ነው። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ መልካም ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ነገር ግን የዘበኛው ዐይን በማይደርስበት በማደሪያው ክፍል ውስጥ፣ ጠጥቶ ራሱን የሳተ ልጅ ጓደኞቹ ከዲሬክተሩ ፈርተው እንዳይደብቁት የሚከለክል፣ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለ እምነት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ከዚህ የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት «ለታመመ ጓደኛው ርዳታ የጠራ ተማሪ በዚህ ምክንያት አይቀጣም» የሚል ቃል ጽፎ በወላጆች ፊት ያውጅ፤ ቃሉንም በፈተናው ቀን አይጠፍ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ራሱን የሳተን ሰው ትውከት እንዳያንቀው በጐኑ ማስተኛትን፣ ትንፋሹን መጠበቅን፣ ብቻውን አለመተውን፣ ቀዝቃዛ ውኃ በማፍሰስ ወይም ቡና በማጠጣት ጊዜ ሳያጠፉ አምቡላንስ መጥራትን ይማሩ። ሦስተኛ፣ የወሰደውን ነገር ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለማከም ነው እንጂ ለመክሰስ አይደለም። አራተኛ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ለሕፃናት የሚሸጠውን ሰው ለሕግ ማመልከት የሁላችን ግዴታ ስለ ሆነ፣ ማንም ለእርሱ አይራራ።

ሻጩን ለዳኛ፣ ታማሚውን ለሐኪም፣ ገና ያልነካውን ለመምህሩ እንስጥ። ሦስቱን አንድ አድርጎ በአንድ መዝገብ የሚጽፍ ከተማ ብዙ እስረኞች ይኖሩት ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ሲታመሙ የሚጠሩት ሰው አይኖራቸውም።