ወገኑን ሳይጠየቅ ስለሚናገር ተመልካች

በእንግዳ ማረፊያ የሰነበተ ሰው ደብዳቤ ምን እንደ ሆነ የሚያስተምረው አያሻውም። ጸሐፊው ቃሉን መርጦ፥ ስሙን ፈርሞ የላከው ወረቀት እስከ መጨረሻው መሥመር ይነበባል፤ ፍርድ የሚሰጥበትም ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት የሕዝብን ጉዳይ ለሕዝብ እናሳያለን በሚሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘንድ ሳይቀር እየተዘነጋ መሄዱ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በአሜሪካ ሲ-ስፓን የሚባለው ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ብራያን ላም በተባለ ሰው አሳቢነት ተቋቁሞ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 19 ቀን 1979 የእንደራሴዎችን ምክር ቤት ጉባኤ ሳይቈርጥና ሳይቀጥል ማሳየት ጀመረ። በ1986 ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተጨመረለት። ማስታወቂያ አያሰማም፤ ከመንግሥትም ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚተዳደረው የኬብል ኩባንያዎች በየደንበኛቸው ልክ በሚከፍሉት ጥቂት ሳንቲም ነው። የራሱን አስተያየትም በማንም ላይ አይጭንም። ለዚህ ኹሉ ምስጋና ይገባዋል።

እንግዲህ የንግድ ጣቢያ ማስታወቂያውን ለመሸጥ ሲል ተመልካቹን እንደ ከብት ያስቈጥራል፤ ሚሊዮኑን ያውቃል፥ አንዱን ግን አያውቅም። የሚሸጠው ማስታወቂያ የሌለው ሲ-ስፓን እንዲህ ላለው ቈጠራ አይገደድም። ታዲያ ተመልካቹን በምን ያውቀዋል? ከኹሉ ይልቅ ተመልካቹ ራሱ ሲነግረው ነው። ስለዚህ ለሌላው ጣቢያ የትሕትና ጉዳይ የሆነው የተመልካች ደብዳቤ፥ ለዚህኛው ጆሮው ነው።

ኦክቶበር 7 ቀን 1980 ጣቢያው ስልክ ከፍቶ ተመልካቾችን ሲያነጋግር፥ የመጀመሪያው ደዋይ በደቡብ ዳኮታ ካለችው ያንክተን ከምትባል ከተማ ነበር። ከዋና ከተማው እጅግ ርቆ የሚኖር አንድ ሰው ቃሉን አገር ኹሉ ሰማለት፤ ይህ የሚያስመሰግን ጅማሬ ነበር። ዛሬ ግን ከ1995 ጀምሮ በየማለዳው በሚታየው «ዋሽንግተን ጆርናል» በተባለው ዝግጅት ለመናገር የሚሻ ሰው ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ወገኑን መምረጥ ይኖርበታል። ለዴሞክራቶች አንድ መሥመር፥ ለሪፐብሊካኖች ሌላ፥ ከፓርቲ ነጻ ለሆኑትም ሌላ መሥመር ተለይቷል። አንድ ሰው በሠላሳ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደውል የተደረገው ደንብ መልካም ነው፤ ለሌላው ተራ ይደርሰዋልና። የመሥመሮቹ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጠበቆቹ፦ ይህ የተደረገው ሚዛን እንዲጠበቅ ነው፤ አንዱ ወገን ስልኩን ኹሉ ይዞ ሌላው እንዳይጮኽበት ነው ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሚዛኑ የፓርቲዎች እንጂ የሰዎች አይደለም። የባሏ ጡረታ የዘገየባት መበለት በየትኛው መሥመር ትደውል? አቤቱታዋ የማን ወገን ነው? አንዱን መሥመር በመረጠች ጊዜ ሰሚው ከቃሏ አስቀድሞ ምልክቷን ይሰማል፤ ግማሹም ሕዝብ አፏን ሳትከፍት ጆሮውን ይዘጋባታል። አቤት የሚለውን ሰው፦ ከማን ወገን ነህ? ብሎ የሚጀምር ዳኛ በየትኛውም አገር አይመሰገንም።

ደብዳቤ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። አንባቢው የጸሐፊውን ሐሳብ ለማወቅ ማንበብ አለበት፤ ጸሐፊውም ቍጣውን በወረቀት ላይ ሲያሰፍረው ግማሹ ይበርድለታል፤ የቀረው ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ደግሞም መልስ የሚያሻው ጥያቄ አለ። በጉባኤው አዳራሽ ያሉት ካሜራዎች የጣቢያው ሳይሆኑ የምክር ቤቱ ናቸው። በሜይ 1984 አፈ ጉባኤው ቲፕ ኦኒል ካሜራው ባዶውን አዳራሽ እንዲያሳይ ያዘዙት በዚህ ሥልጣን ነው፤ ለባዶ ወንበር ንግግር ያደርጉ የነበሩ ተቃዋሚዎቻቸውም ተጋለጡ። በጃንዩወሪ 2023 ደግሞ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ዐሥራ አምስት ዙር ድምፅ ሲሰጥ፥ የጣቢያው የራሱ ካሜራ ገብቶ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ እንደራሴዎቹ በየጥጉ ሲመክሩና ሲጨቃጨቁ አየ። ይህን የማያውቅ ተመልካች፦ ያኔ ያሳያችሁንን ዛሬ ለምን ሸሸጋችሁ? ብሎ ቢወቅስ በደለኛ አይደለም። በስልክ ቢጠይቅ ተራው በአፍታ አልፎ ሌላው ይገባል፤ ደብዳቤ ቢጽፍ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ማግኘትም አለበት።

አጫጭር መልእክትማ በየማለዳው ይነበባል ይባል ይሆናል። በአንድ ትንፋሽ ተጽፎ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ነገር በደብዳቤ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ስለዚህ ጣቢያው የስልኩን መሥመር ከመክፈቱ በፊት በየማለዳው አንድ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ የጸሐፊውን ወገን አይጠይቅ፥ አይንገርም፤ ጥያቄም ካለበት በዚያው ሰዓት ይመልስ። የእንደራሴዎቹ ቃል ከ1987 ጀምሮ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተው መዝገብ እየተጠበቀ ለሚፈልገው ኹሉ ይገኛል፤ ሲያዛጉም ሳይቀር ተመዝግበዋል። ሲያዳምጣቸው የኖረው ሰው ለጻፈው አንድ ገጽ የሚሆን አምስት ደቂቃ ከዚያ ኹሉ ሰዓት መካከል አይታጣም።