ሳይለኩ ማዳበሪያ
ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም «መሬቴ አላበቅል አለኝ» ላለ ገበሬ የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ማዳበሪያ ጨምርበት! ወገን፣ ይህ ምክር ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ይከተዋል። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ በዝናብ እየታጠበ አሲዳማ ሆኗል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ያቀጭጫል፤ በውድ የተገዛውን ፎስፈረስም ጠፍሮ ይይዘዋል። ገበሬው ከፈለ፣ ሰብሉ ግን አልቀመሰም።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የትኛው ማሳ ላይ? ስንት ኩንታል? ሳይለካ አይታወቅም። 5.5 እና 4.5 በቁጥር ጎረቤት ይመስላሉ፤ በአሲድ ግን ሁለተኛው 10 እጥፍ ይበልጣል! በእጅ የሚያዝ ፒኤች ሜትር ይህን እዚያው ማሳው ላይ ያሳያል። በ4 እና በ7 መፈተሻ ፈሳሽ ማስተካከል፣ አፈሩን በተጣራ ውኃ ማማሰል፣ ጥቂት ጠብቆ ማንበብ፤ ይኸው ነው። የኖራውን መጠን ላብራቶሪ ይወስን፤ የትኛው ማሳ እንደሚቀድም ግን ሜትሩ ይነግረናል።

«ገበሬው ኖራ አይወድም» የምትሉ ሹማምንት ሆይ፣ ቁጥሩን ማን አሳየው? ማዳበሪያ የሚደርሰው ቀበሌ ሁሉ መለኪያም ይድረሰው። ሐኪም ሳይመረምር መርፌ ቢወጋን እንከሰዋለን። ሳይለካ ለተሸጠ ማዳበሪያስ ማን ይጠየቅ?