ቡናውን መዝኖ፣ ቁጥሩን ሳይመዝን

በነቀምትና በአካባቢዋ ከተሞች ያለ ሚዛን የሚገበያይ ነጋዴ ተፈልጎ አይገኝም። ከኡኬ የመጣ በቆሎም ይሁን ከጊምቢ የተጫነ ቡና፣ አቅራቢው የሚናገረው ክብደት ለመነሻ ያህል ይደመጣል እንጂ ማንም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ጆንያው ተወግቶ ናሙና ይወጣል፣ እርጥበቱ ይታያል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ደንበኞቹ ትእዛዝ የሚልኩበትን ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ሲያሠራ፣ በዚያ በኩል የሚገባውን ቁጥር ማን እንደሚመዝንለት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የገጹ ቀለም ማማሩን አይቶ፣ ቀሪውን ሒሳብ ከፍሎ ፕሮግራመሩን ያሰናብታል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የጉቶ ጊዳ የእህል ነጋዴ በአዲስ አበባ ያሉ ደንበኞቹ በቆሎ የሚያዙበት ቅጽ አሠራ እንበል። ደንበኛው በመጠኑ ሳጥን ውስጥ «1,250» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጥበት «ፓርስኢንት» የሚሉት ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ ከነጠላዋ ምልክት ሲደርስ ንባቡን ያቆማል፤ ውጤቱም 1 ነው። 1,250 ኩንታል የነበረው ትእዛዝ 1 ኩንታል ሆኖ ይመዘገባል። ቋንቋው አይጮህም፣ አይከለክልም። ነጋዴው 1 ኩንታል ያዘጋጃል፣ ደንበኛው ሦስት መኪና እህል ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ነው።

«ነምበር» የተባለው ሌላው ትእዛዝ ጥብቅ ይመስላል። እሱ ደግሞ ባዶ የተተወ ሳጥን ሲሰጡት 0 ብሎ ይመልሳል። ዋጋ ሳይሞላ ያለፈ ሰው በነፃ ገዛ ማለት ነው። «50 ኩንታል» ተብሎ በቃል ከተጻፈለት ደግሞ «ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ዋጋ ይሰጣል። እዚህ ላይ ለነጋዴ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ፕሮግራመሩ «የታዘዘው መጠን በመጋዘን ካለው ከበለጠ ከልክል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይሆናል። በጃቫስክሪፕት «ቁጥር አይደለም» የተባለው ዋጋ ከምንም ነገር አይበልጥም፣ ከምንምም አያንስም። ስለዚህ ትእዛዙ ሰተት ብሎ ያልፋል። 50 ኩንታል ቀንሶ ማለትም ከዜሮ በታች 50 ብሎ የጻፈውም እንዲሁ ያልፋል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር በመጋዘን ካለው አይበልጥምና። ሲቀነስ ደግሞ ክምችቱ በ50 ኩንታል ይጨምራል። ማንም ሳያርስ በቆሎ በዛ!

ለመሆኑ ቋንቋው ለምን እንዲህ ቻይ ሆነ? በ1995 እ.ኤ.አ. ብሬንደን አይክ የተባለው ባለሙያ በኔትስኬፕ ኩባንያ የመጀመሪያውን ንድፍ የሠራው በ10 ቀን ውስጥ ነበር። ታስቦ የነበረውም ገጾችን በጥቂቱ ለማንቀሳቀስ ነው፤ ትንሽ ስህተት ገጹን በሙሉ እንዳያቆመው ቋንቋው ይቅር ባይ ተደረገ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኖድ ጄኤስ አማካይነት በሰርቨርም ላይ በስፋት ይሠራ ገባ። ለገጽ ማስዋቢያ የመጣው ቋንቋ ዛሬ ሒሳብ ይይዛል፣ ብር ያስተላልፋል፤ ይቅር ባይነቱ ግን አብሮት ቀርቷል።

የወለጋ ገበያ በዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ቡና በፈረሱላ ይነገራል፣ እህል በኩንታል፣ ችርቻሮው በኪሎ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ኩንታል 100። «50» ተብሎ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር በፈረሱላ 850 ኪሎ፣ በኩንታል 5,000 ኪሎ ይሆናል። በመካከሉ 4,150 ኪሎ ቡና አለ። ስለዚህ መለኪያውን ሳያስመርጥ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ሳጥን ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ነው። ይህን ደግሞ ከኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተመርቆ የወጣ ወጣት ሊያውቀው አይገደድም። የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ ካልተናገረ ማንም አይጽፍለትም።

የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን አለው። ደንበኛው የክፍያ ቀኑን የካቲት 30 ቀን 2016 ብሎ ሲሞላ ጃቫስክሪፕት ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ፌብሩዋሪ ከወሰደው፣ 30ኛ ቀን የሌለውን ወር አልፎ ማርች 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ያደርገዋል። ያም ከትክክለኛው ቀን 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። ወሩ 13ኛ ከሆነማ ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ይሻገራል፤ ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅም። ዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ የዕዳ መዝገቡ በእንዲህ ዓይነት ቀን ተሞልቶ ቢያገኘው ማንን ይከስሳል?

በቁጥር ላይ እንዲህ ልል የሆኑት መተግበሪያዎች በስም ላይ ሲደርሱ ግን ኬላ ጠባቂ ይሆናሉ። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሙልአታ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ መካከሉ ላይ «ሁዻ» የምትባለዋን ጭረት ይዟል። ብዙ ፕሮግራመሮች ይህችን ጭረት ይፈራሉ፤ በዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ጽሑፍ የሚከፈትባትና የሚዘጋባት ምልክት እሷው ስለሆነች፣ ክፉ ሰው በስም ሳጥን በኩል ትእዛዝ አስርጎ ሊያስገባባት ይችላል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሰውየውን «ስምህ ስህተት ነው» ማለት አይደለም። መረጃውን ከትእዛዙ ለይቶ መላክ የሚያስችል አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል። ጫላ የሚለው ስምም በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ሲ» እና በ«ኤች»፤ በንግድ ፈቃዱ አንዱ፣ በባንክ ደብተሩ ሌላው ቢገኝ ሁለት ሰው አይደለም። በአማርኛም ኃይሉ በስንት ዓይነት «ሀ» ይጻፋል? የአያት ስም ሳይሞላ አላሳልፍ የሚል ቅጽ ደግሞ የቤተሰብ ስም በሚባለው በፈረንጅ ልማድ የተሰፋ ልብስ ነው።

ስልክም አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም አገልግሎቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ደንበኛ ብዙ ነው። በ09 ብቻ የሚጀምር ቁጥር የሚቀበል ቅጽ ይህን ሁሉ ገዥ ከበሩ ላይ መለሰ ማለት ነው። የግብር ከፋይ መለያውም 10 አሃዝ ሆኖ በዜሮ የሚጀምር አለ፤ እንደ ቁጥር ከተመዘገበ መነሻው ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ፣ ደረሰኙም ከገቢዎች መዝገብ ጋር አይገናኝም። በአሃዝ ስለተጻፈ ብቻ ቁጥር ነው ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ደንብ በትክክል ተጽፎ እንኳ በተሳሳተ ቦታ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። ፕሮግራመሮች ቁጥጥሩን በደንበኛው ስልክ ላይ በሚከፈተው ገጽ ላይ ማስቀመጥ ይወዳሉ። ጥቅም አለው፤ በተለይ ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው የወለጋ ከተሞች ስህተቱን ሳይላክ በፊት መናገር ደንበኛውን ከድካም ያድናል። ነገር ግን ያ ገጽ በደንበኛው እጅ ያለ ነው። ጥቂት የሚያውቅ ሰው ጃቫስክሪፕቱን ሊያጠፋው፣ ወይም ገጹን ጨርሶ ሳይከፍት የፈለገውን ቁጥር በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ሊልክ ይችላል። በገጹ ላይ ያለው ቁጥጥር አቅራቢው በግቢው የመዘነው ሚዛን ነው። ምርቱን ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን የወሰደ ሰው እንደሚያውቀው፣ እዚያ ሲደርስ እንደ ገና ይመዘናል። ሰርቨሩም እንደ ገና መመዘን አለበት። ቋንቋው በሁለቱም በኩል አንድ ከሆነ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ደንብ በሁለቱም ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ዞድ»ን የመሳሰሉ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «ወጪው እጥፍ ይሆናል» የሚለው የፕሮግራመር ሰበብ ብዙ አያስኬድም።

«ማስጠንቀቂያ ብቻ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ለእነርሱ የቶኪዮው ነገር ይታወሳቸው። ዲሴምበር 8 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ሚዙሆ ሴኩሪቲስ የተባለው የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት የጄኮምን 1 አክሲዮን በ610,000 የን ለመሸጥ ፈልጎ፣ ሠራተኛው ሁለቱን ሳጥኖች አቀያይሮ 610,000 አክሲዮን በ1 የን ብሎ ላከ። ኩባንያው በጠቅላላ የነበረው አክሲዮን 14,500 ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ ማስጠንቀቂያ አሳይቷል፤ ሠራተኛው ግን አልፎት ሄደ። የቶኪዮ ገበያ ሲስተምም ከሌለው በላይ የሚሸጠውን ትእዛዝ ተቀበለ፤ ኋላም ሊሰርዙት ሲሞክሩ አልሰርዝም አለ። ኪሳራው ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ሆነ። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ገበያው ራሱ 10.7 ቢሊዮን የን ያህል እንዲከፍል ወሰነ። «ካለው በላይ አይሸጥም» የምትል አንዲት ደንብ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷልና፣ የአክሲዮን አገናኞቻችን ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ባይሰሙት ይሻላል።

በአገር ቤትም የገንዘብ ሲስተም ልክ ማየት ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ታይቷል። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሲስተም ላይ ከተደረገ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል፤ ያለአግባብ የወጣውንም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አድርሶታል። ነገሩ ከቅጽ አሞላል የመጣ አይደለም። ያም ሆኖ «ካለው በላይ አይወጣም» የሚለው ቁጥጥር ለጥቂት ሰዓታት ሲጠፋ የሚደርሰውን ያሳያል። ትልቅ ባንክ ተከታትሎ ያስመልሳል፣ አብዛኛውንም አስመልሷል። የነቀምቱ ነጋዴ በማን አቅም ተከታትሎ ያስመልስ?

በሕግ በኩልም መሸሸጊያ የለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክነቱ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። በቅጹ የተቀበሉት ትእዛዝ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው፤ «ኮምፒዩተሩ ነው የተቀበለው» የሚለው መልስ ዳኛ ፊት ስንት ርቀት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የሥራ ውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ሊለወጥ ይገባዋል። ነጋዴው ራሱ፣ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት፣ ቅጹ ፊት ተቀምጦ ይሞክር። 1,250ን ከነምልክቷ ይጻፍ። ዋጋውን ባዶ ይተው። ከዜሮ በታች 50 ይዘዝ። መለኪያ ሳይመርጥ ይለፍ። በ07 የሚጀምር ስልክ፣ ሁዻ ያለው ስም ያስገባ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ ይጻፍ፤ ያ ዓመት 6 ቀን ጳጉሜን ነበረውና መቀበል አለበት። 2016 ሲባል ግን መከልከል አለበት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራመሩ ገጹን ዘግቶ ያንኑ ከዜሮ በታች 50 ኩንታል በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ እንዲልክ ይጠየቅ። ሰርቨሩ «ትእዛዝዎ ደርሶናል» ብሎ ከመለሰ፣ ቀሪው ክፍያ በነጋዴው ካዝና ይቆያል።