ዶሮ የማይበረክትለት ሰው የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው አብዛኛው አንድ ጊዜ ዶሮ ሞክሯል፤ አብዛኛውም ትቶታል። ለምን ተዋችሁት ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ ዶሮ አይበረክትልኝም።» አንዱ እጄ ለዶሮ አይሆንም ይላል፤ ሌላዋ ዓይን በላብኝ ትላለች። ተምሬያለሁ የሚለው ደግሞ የፈረንጅ ዶሮ አገራችንን አይችልም ይላል። ሦስቱም የሚሉት ያው አንድ ነገር ነው፦ ዶሮ የዕድል ጉዳይ ነው።

ይህ አባባል ስሕተት ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። ግን ጎጂ ነው። ዕድሉን የሚረግም ሰው ዶሮዎቹን ምን እንደገደላቸው አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ደግሞ የሚቀጥሉትንም ያጣቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የገደላቸው ፈንግል ነው፤ ፈንግል ደግሞ መግቢያው የታወቀ፣ ክትባት ያለው በሽታ ነው።

የፋሲካን ሰሞን እንውሰድ። አንዲት እናት ጓሮዋ ውስጥ ስድስት ቄቦች አሏት። ገና መጣል ስለጀመሩ አይታረዱም፤ ስለዚህ ለበዓሉ ከሾላ ገበያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይገዛል። ይህ አውራ ዶሮ ከየት መጣ? ከገጠር ገበያ ተሰብስቦ፣ ከማያውቃቸው የብዙ ቤት ዶሮዎች ጋር እግር ለእግር ታስሮ፣ መኪና ላይ ታጭቆ፣ ገበያም ላይ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ውሎ ነው። በፈንግል የተያዘ ዶሮ ምልክት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ቀን በኋላ ነው፤ እስከ 2 ሳምንት የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ገዢዋ ኩክኔውን ዐይታ፣ ደረቱን ዳብሳ፣ ክብደቱን በእጇ መዝና የምትገዛው ዶሮ ጤነኛ ቢመስላት አይፈረድባትም።

ቤት ሲደርስ እግሩ ላይ ሲባጎ ታስሮ ከቄቦቹ ቤት አጠገብ ይውላል። ውሃ የሚጠጣው ከእነሱው ጣሳ ነው። እዚያው ኩሱን ይጥላል። በዋዜማው ይታረዳል፤ ላባውና አንጀቱ ጓሮ ጥግ ይደፋል፤ ብልቱ እየተደጋገመ የታጠበበት ውሃም እዚያው ይፈስሳል። ቄቦቹ ያንን ሲጭሩና ሲለቅሙ ያመሻሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንዷ ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ትይዛለች፤ አረንጓዴ ኩስ ይወርዳታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አንዳንዷ አንገቷ ይጠማዘዛል። ባልተከተበ መንጋ ከገባ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይተርፍም።

ያን ጊዜ አውራውን ዶሮ የሚጠረጥር የለም፤ የሞተው በቢላ ነዋ! ይባስ ብሎ ያልታመሙ የመሰሉት ሁለትና ሦስት ቄቦች «ሳይሞቱብኝ» ተብለው በጥድፊያ ይሸጣሉ። የገዛቸው ሰው ፈንግሉን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ዶሮዎች አሉ፤ በቆርቆሮው ስር እየተሽሎኮሎኩ ሲመላለሱ የኖሩ። በወሩ መጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ ዶሮ አይበረክትለትም።

ታዲያ ክትባቱ የት ሄደ? ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ አገራችን ይመረታል። ችግሩ ሌላ ነው። የሁለት ወር ቄብ የሚገዛ ሰው «ተከትባለች» ሲባል ለዕድሜ ልክ ይመስለዋል። አይደለም፤ መከላከያው እያደር ይደክማል። ሙቀት ይችላል የሚባለው፣ ዐይን ላይ በጠብታ የሚሰጠው ዓይነት እንኳ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ መደገም አለበት። በሚጠጣ ውሃ የሚሰጠውን ደግሞ የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን ያበላሸዋል፤ ይህን ሳያውቅ የከተበ ሰው አልከተበም። ከሁሉ በላይ ግን ብልቃጡ ለስድስት ዶሮ አልተሠራም። የብዙ ዶሮ መጠን ይይዛል፤ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አንድ ቤት ብቻውን ገዝቶ የቀረውን ይድፋ ቢባል ማን ይገዛል? ሃያ ቤት ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ስድስት ዶሮ ማርባት የግቢ ሥራ መስሎን ኖርን እንጂ የሰፈር ሥራ ነው።

የሐበሻ ዶሮ በሽታውን ይችለዋል የሚሉ አሉ። ፈንግል ገጠሩን ሲጠርግ የሚጨርሰው የሐበሻ ዶሮ አይደለም እንዴ? እሷ ደግሞ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው። ሽታና ጩኸት ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ ለእንቁላል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ የሚሸተውም እርጥብ ኩስ ነው። ሰጋቱራ አንጥፎ ሳይረጥብ የሚለውጥ ሰው ጎረቤቱን አያስቸግርም። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ግን አይሆንም፤ በዚያ አልከራከርም።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ በየሪፖርቱ የምንሰማው ስንት ጫጩት እንደተሰራጨ ነው። መቆጠር ያለበት ግን ዓመት የሞላው ነው። ተመላልሶ የሚከትብ ሰው ሳይመድቡ ጫጩት ማደል ለፈንግል መቀለብ ነው።

እስከዚያው መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም። እድር የሌለው ሰፈር የለም፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ በወር አንዴ ሰው ይሰበሰባል። በሚቀጥለው ስብሰባ ዶሮ ያለበትን ቤት መዝግቡ። የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ባለሙያ ወይም የእንስሳት ሐኪም ጥሩና በአንድ ጧት ሁሉንም አስከትቡ፤ ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን። ለበዓል የሚገዛውን አውራ ዶሮ ከቄቦቹ አርቃችሁ እሰሩ፤ ላባውንና አንጀቱን ቅበሩ፤ እጣቢውንም ጓሮ አትድፉ።