ከየትኛው ወንጀል ነፃ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የመዋለ ሕፃናት የሥራ ማስታወቂያ ግርጌ ላይ አንድ መስመር አይጠፋም፦ «ከማንኛውም ወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ የፖሊስ ማስረጃ ማቅረብ የሚችል»። ስለ ልጁ ደኅንነት የጠየቀ ወላጅ የሚያገኘው መልስም ይኸው ነው፤ «አይስጉ፣ ሁሉም አሻራ ሰጥተዋል»። እሰየው!

አሻራው የሚናገረው ግን ሰውየው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ መዝገብ ላይ አለመስፈሩን ብቻ ነው። ምስክር የጠፋበት ነፃ ነው። ክሱ የተቋረጠለትም ነፃ ነው። ነገሩ በሽማግሌ የተያዘለትማ ከሁሉም በላይ ነፃ ነው። ወሎ ላይ ሽምግልና ቀልድ አይደለም፤ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ደም ያደርቃል፣ ክብሩም ይገባዋል። በሕፃን ላይ የደረሰ በደል «የቤት ገመና» ተብሎ በካሳ ሲያልቅ ግን ለፖሊስ የሚተርፍ ወረቀት የለም። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ከተሞች በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ምን እንደገጠማቸው አንባቢ ያውቃል። መዝገቡ ሁሉ ሳይጎድል ተርፏል ብሎ የሚምል ካለ ይምጣ።

እሺ፣ መዝገቡ ሙሉ ነው እንበል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ፣ ጽኑ እስራቱን ጨርሶ ቢያንስ አምስት ዓመት በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ እንዲሰየም፣ ማለትም መብቱና ስሙ እንዲመለስለት፣ ይፈቅዳል። ከተሰየመ በኋላ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በክፋት ያነሣበት ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት እኮ ነው» ማለትም አያድነውም። በሃያ ዓመቱ ሞባይል ሰርቆ ለታሰረ ጎረምሳ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው፣ ይገባዋልም። ችግሩ፣ የሕጉ መለኪያ የቅጣቱ ዓይነትና ያለፈው ጊዜ እንጂ ወንጀሉ በማን ላይ ተፈጸመ የሚለው አለመሆኑ ነው።

ከሐይቅ አለፍ ብሎ የነበረውን የጃሪ የሕፃናት መንደር የረሳ የለም። መንደሩን ያስተዳድር የነበረው የስዊዘርላንዱ ቴር ዴ ዞም ነበር። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ የብሪታንያ ዜጋ ወንዶች ልጆችን በመድፈር እ.ኤ.አ. በ2003 ዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። ጉዳዩን ያጋለጡት ባልና ሚስት ደግሞ በስም ማጥፋት ተከሰው ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። እንዲህ ያለ ቅጣት የጨረሰ ሰው ዛሬ ቢሰየም፣ ያ የማስታወቂያው መስመር ምን ይለዋል? «ነፃ»።

«ማንኛውም» የሚለው ቃል በሌላ በኩልም ይቆርጣል። እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ቤት አጥታ ጎዳና ላይ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1999 ሳንድዊችና ዋጋው አንድ ፓውንድ የማይሞላ መጽሐፍ ሰርቃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ረዳት መምህርት ልትሆን ስታመለክት ያው ጥፋት ተከተላት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የማሳወቂያ ደንቡ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ፈረደላት። የኛዋ ብትሆን ማስታወቂያውን አንብባ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

ዳኛ ወንጀለኛን ከሙያ የመሻር ሥልጣን በአንቀጽ 123 አለው። በልጆች ላይ ለተፈጸመ ወንጀል መሰየም ይህን እገዳ እንዳያነሣ ቢደረግ ደስ ይለኛል። ግን እሱም የሚይዘው የተፈረደበትን ነው። ማስታወቂያውም ቢሆን ለመዋለ ሕፃናት ብቻ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ልጇን ደላላ ላመጣላት ሞግዚት ትታ ወደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሮጠው እናት ከተያዥ በቀር የምትጠይቀው ነገር የላትም። ተያዡስ ማን እንደሆነ ታውቀዋለች?

— የዓምዱ ጸሐፊ፣ ደሴ